ልክህን ረስተሃል

ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ከአንድ እንጨት ብንነሳ ይሻላል። እስካሁን የሆነው ሁሉ እሱ ላይ ተጽፏል።

እንጨቱ በአራት ጎን የተላገ፣ ቢያቆሙት የአዋቂ ሰው አገጭ የሚደርስ ቀጭን ዘንግ ነው። ባለቤቱ አናጢ ነው። ይህ አናጢ ኪሱ ውስጥ ሜትር እያለለት፣ የሰው ቤት ሲገባ ዘንግ ይዞ ይገባል። የመስኮቱን ደፍ፣ የግድግዳውን ስፋት፣ የባለቤቱን ጉልበት ሳይቀር ከእንጨቱ ጋር እያስተያየ በቢላ ይጭርበታል፤ ከጭረቱ ጎን በእርሳስ ይጽፍበታል። «ሜትር የሚሰጥህ ቁጥር ነው» ይላል። «ቁጥር ደግሞ ይረሳል። ይሄ ግን ራሱ ነገሩ ነው።» ለየቤቱ አንድ አንድ ዘንግ አለው። ወርክሾፑ ውስጥ ዘንጉን «ልክ» ነው የሚሉት። «የሐኪሙን ልክ አቀብለኝ» ይባባላሉ፣ «የነርሷ ልክ የት ገባ?» ይባባላሉ። እሱን ራሱን ደግሞ አንዲት ሚሊ ሜትር ስትዛነፍ ምግብ ስለማይበላ «ሚሊ» ብለውታል።

ሚሊ ወደ ዳኛው ቤት የገባው በጓሮ በር ነበር። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ዛሬ አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዳኛው መኝታ ቤታቸው ገብተው አልተኙም። ሳሎን ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳሉ ያነጋሉ። ሐኪም መርምሯቸው «ምንም የለባቸውም፣ ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለ። ዕረፍት በሐኪም ወረቀት የሚገዛ ይመስል! ልጃቸው ፋርማሲስት ናት፤ እንዲህ ያለ ኪኒን እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ መኝታ ቤቱን እንዳለ እንደ አዲስ ልታሰናዳው ተነሳች።

ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ራስጌው ላይ መብራትና መስታወት የተለጠፈበት፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ አልጋ አየች። አንዱ ሱቅ ኮመዲኖ ስትከፍት የመሳቢያው እጀታ እጇ ላይ ቀረ፤ ሻጩ «ችግር የለም እህቴ፣ እሱ በብሎን ይጠብቃል» አላት። በመጨረሻ እግር ጥሏት ሚሊ ጋ ደረሰች። ሚሊ ዕቃ አላሳያትም፣ ጠየቃት እንጂ። አባትሽ ከአልጋ ሲወርዱ በየትኛው ጎን ነው? ውሃ ሲፈልጉ የትኛውን እጃቸውን ይዘረጋሉ? ሲነቁ መጀመሪያ ምን ማየት ይወዳሉ? ከሦስቱ አንዱንም መመለስ አልቻለችም። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ መጀመሪያ የወደደችው ሰውየውን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም አብረው መረጡ። አሮጌው አልጋ ከፍ ያለ ስለነበር ዳኛው ሲቀመጡበት እግራቸው ይንጠለጠል ነበር፤ አዲሱ ከጉልበታቸው እንዳያልፍ ተስማሙ። ኮመዲኖው ከፍራሹ እኩል ይሁን፣ ትከሻቸውን ሳያነሱ ብርጭቆው እጃቸው ይግባ። ቁም ሳጥኑ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፣ የወጪ ወራጁን ኮቴ ያፍንላቸው። መስታወቱ ከቁም ሳጥኑ በር በስተውስጥ ይሁን፤ ሐዘንተኛ ሰው ገና ሲነቃ የራሱን ፊት ማየት የለበትም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣሉ። የእናቷን ወንበር እሷ እናውጣው አለች፣ ሚሊ አይወጣም አለ።

«ወንበሯን ብታወጪ ቦታው ባዶ ይሆናል። እሳቸው ደግሞ ባዶውን ቦታ ሲያዩ ነው የሚያድሩት። መስኮቱ ጋ ትሁን። ፊቷን ወደ ውጭ እናዙራት።»

ወንበሩን እንደ ሰው «ፊቷን» ሲል ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተሸነፈችለት፤ መሸነፏም ደስ አላት።

የቁም ሳጥኑን የመጨረሻ ልክ ሊወስድ የመጣ ቀን፣ ሚሊ ዘንጉን ግድግዳ አስደግፎ አቀረቀረና «ይሄን ቤት አንድ ቀን ያለ ሥራ ብመጣበት ደስ ይለኝ ነበር» አላት። ቀና ብላ አየችው። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት፣ ከበሩ ውጭ የአባቷ ከዘራ መሬቱን ኳ አደረገው። አፏን ዘጋች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሚሊ ከዘራውን አልሰማም። እሱ የሰማው ዝምታዋን ብቻ ነው። መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ደህና ዋይ ብሎ ሳይጨርስ በጓሮ በር ወጣ። ልኩ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀረ።

እሷ አገኘችው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አነበበችው። በአንደኛው ጎን አልጋው አለ፣ በሁለተኛው ቁም ሳጥኑ፣ በሦስተኛው አባቷ ከነጉልበታቸውና ከነክንዳቸው። አራተኛው ጎን ላይ ግን የዕቃ ስም የለም። «ክርኗ» ይላል አንዱ ጭረት። «ትከሻዋ» ይላል ሌላው። ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ክር የቀጠነች ጭረት አለች፤ ከጎኗ በደቃቅ ጽሕፈት «ስትስቅ ራሷ እዚህ ድረስ ዝቅ ይላል» ተብሎ ተጽፏል።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ መልእክት ጻፈች። ወረቀቱን የሚያደርሰው ዘበኛው ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ማንበብ የሚችል፣ ያነበበውን ግን ሆዱ የማይችል ሰው ነው። እናም ማንም ቢያየው ተራ የሥራ ጉዳይ የሚመስል፣ ሚሊ ብቻ የሚገባው ሁለት ቃል መረጠች። በራሷ ብልጠት እየሳቀች አጠፈችው።

«ልክህን ረስተሃል።»

ሚሊ ሰጋቱራው መሃል ቆሞ አነበበው። እስቲ አንባቢ ይፍረድ! አንድ አናጢ የዳኛን ልጅ «ያለ ሥራ ብመጣ» ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤቷ እንዲህ የሚል ወረቀት ቢደርሰው ምን ሊረዳ ይችላል? እንጨቱ ትዝም አላለው። ኋላ ፈልጎ ሲያጣው እንኳ አውቶቡስ ላይ ጥሎት የወረደ መሰለው፤ በዚያ ረጅም እንጨት የተነሳ ረዳቱ «ሰው ልትወጋብኝ ነው!» እያለ ሳይጨቃጨቀው የዋለበት ቀን የለምና። ፊቱ አመድ መሰለ። ቫርኒሽ የሚቀባው ሽማግሌ ባልደረባው «ማን ሞተ?» አለው። «ማንም» አለና ከወረቀቱ ጀርባ መልሱን ጻፈ።

«ልክ ነሽ። ዕቃው በቀኑ ይደርሳል።»

እሷም ፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ ቆማ አነበበችው። ልክ ነሽ፣ ረስቻለሁ ማለቱ ነው። ስለ አራተኛው ጎን አንዲት ቃል የለችም። አንብባው እንደሚሆን ያውቃል፣ ግን መጥቶ አይወስደውም። አፍሮበታል ማለት ነው፤ ተጸጽቷል። ዘንጉን ከክፍሏ በር ኋላ አቆመችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ በወረቀት የወጣው ደግሞ ጭራሽ ላይመለስ ነው። እንዲህ ሆነው ስድስት ሳምንት ቆዩ። እሱ እሷ ናቀችኝ እያለ፣ እሷ እሱ ተወኝ እያለች፣ ሁለቱም የዳኛውን አልጋ ብቻ እያሰቡ።

* * *

ዕቃው የደረሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሚሊ ተሸካሚዎቹን ብቻ ሊልክ አስቦ ነበር። ሽማግሌው ግን «በእጅህ ያልገጠምከው አልጋ ነገ ቢንቋቋ ማንን ልትረግም ነው?» አለው። ሚሊ ቅዳሜን የመረጠው የፋርማሲው ሥራ ስለሚበዛ አላገኛትም ብሎ ነው። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ዕቃው ይመጣል መባሉን ሰምታ ፈቃድ ወስዳ ቀርታለች።

ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ» አላት።

አደሩ! በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም።

«ደህና፣ እርስዎስ?» አለች እሷም። ታዲያ ምን ትበል?

የአባቷ እህት ቤቱን የሚያስተዳድሩ ቆፍጣና ሴት ናቸው። አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና «ምነው፣ ዛሬ ነው እንዴ የተዋወቃችሁት?» አሉ።

ሚሊ ጫማውን አውልቆ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ሥር አስቀመጠ። አልጋው አንድም ምስማር የለው፤ ጎኑና ራስጌው ተሰካክቶ በእንጨት ሽብልቅ ነው የሚጠብቀው። ሽብልቁን በቀስታ እየመታ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ድምፁ ሲደፍን ይተወዋል። ተሸካሚዎቹ ቁም ሳጥኑን ሊያመጡ ስለወጡ ሌላውን ጫፍ የያዘችለት እሷ ናት።

«ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።»

«ይኸው።»

«ይበቃል። አመሰግናለሁ።»

እያንዳንዷ «እርስዎ» እንደ ስንጥር እየገባች ትቀራለች። እጆቻቸው አንድ እንጨት ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ክንድ አይሞላም። እሱ ግን ከእንጨቱ ዓይኑን አላነሳም። አንዴ ብቻ ቢያየኝ፣ ብላ ተመኘች። አንዴ ቢያየኝ ሁሉንም እነግረው ነበር።

አልጋው ቆመ፣ ኮመዲኖው ተጠጋ፣ ቁም ሳጥኑ የኮሪደሩን ግድግዳ ያዘ። አክስቷ ገብተው ዞር ዞር አሉና «ይቺን አሮጌ ወንበር ደግሞ አውጧት። አዲሱን ዕቃ ታበላሸዋለች» አሉ።

«አይሆንም!» አሉ ሚሊና ልጅቷ እኩል።

ያኔ ተያዩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የሸሸ ዓይን ሳያስበው ተያዘ። በዓይኑ ውስጥ ያየችው ንቀት አልነበረም፣ ጸጸትም አልነበረም። የተጎዳ ሰው ዓይን ነበር፤ ማን እንደጎዳው ግን አልገባትም። ሚሊ ቶሎ ዞረና ወንበሯን በጨርቅ ጠርጎ፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ፊቷን ወደ አትክልቱ አዞራት።

ዳኛው ደፉ ላይ ቆመው ነበር።

ቀስ ብለው ገቡና አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት እግራቸው ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጠ። መሳቢያውን ሳቡት፣ ድምፅ የለውም። መልሰው ገፉት። እጃቸውን ሳያዩ ዘረጉ፣ ብርጭቆው ላይ አረፈ። ከዚያ ወንበሯን አዩ።

«ወደ ውጭ ዞራለች» አሉ።

«ቅር ካለዎት እመልሳታለሁ፣ ጌታዬ።»

«ተዋት። ድሮም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር አትክልቷን የምታየው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «እስቲ ውጡልኝ።»

ሁሉም ወጡ፣ በሩም ተዘጋ። አክስቷ በሩ ላይ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጥቂት ቆዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እያንኮራፋ ነው!» አሉ በሹክሹክታ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ወንድሜ ተኛ! ኮቴ እንዳልሰማ፣ ዛሬ በዚህ ቤት ማንም እንዳያስነጥስ!» ተሸካሚዎቹን ሊያሰናብቱ፣ ዘበኛውንም ዝም ሊያሰኙ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወደ ጓሮ ሄዱ።

ልጅቷና ሚሊ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ሚሊ ባዶ እግሩን አየ።

«ጫማዬ ውስጥ ነው» አለ።

«እንግዲህ ይጠብቁ። ዕቃ መርሳት ልማድዎ ነው።»

ቀና አለ። «መርሳቴን በጽሑፍም ነግረውኛል። አንዴ ይበቃኛል።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«እርስዎ» ከአፏ አምልጣ ሄዳለች። የሁለቱም ድምፅ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ተኝቷል።

«ልምጣ? ተሰድቤ ልምጣ?»

«ማን ሰደበህ?»

«ቀስ በይ፣ ይነቃሉ።»

«ማን ሰደበህ አልኩህ!» ሹክሹክታ የሚችለውን ያህል ጮኸች።

«ልኬን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» አለ። «በጓሮ በር ስገባ አውቀዋለሁ። አክስትሽ ውሃ ለብቻው ባስቀመጡት ብርጭቆ ሲሰጡኝ አውቀዋለሁ። ከሁሉም ችዬዋለሁ፣ ካንቺ ግን አልቻልኩም። አልፈልግህም ብትይኝ ምን ነበረበት? እሺ ብዬ እሄድ ነበር። ወደድኩሽ ላለ ሰው 'ልክህን ረስተሃል' ተብሎ ይጻፋል?»

የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱን ቃላት ለራሷ ደገመቻቸው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በራሷ ጆሮ ብቻ ነበር የምትሰማቸው። አሁን ገና በእሱ ጆሮ ሰማቻቸው።

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ እኔን!»

ዞራ በባዶ እግሯ ሮጠች። የክፍሏ በር ተከፈተ። ስትመለስ ዘንጉን በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር።

ሚሊ እንጨቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ እንጨቱን አየ።

«ልኬ» አለ።

«ልክህ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ግድግዳ አስደግፈህ ረስተኸው ሄድክ፣ ረስተሃል አልኩህ። ና ውሰድ ማለቴ ነበር። አራተኛውን ጎን አንብቤዋለሁ፣ ቶሎ ና ማለቴ ነበር። ዘበኛው እንዳይገባው ብዬ ላንተም እንዳይገባህ አድርጌ ጻፍኩት!»

ሚሊ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተስ?» አለችው። «'ልክ ነሽ፣ ዕቃው ይደርሳል' አልከኝ። አፍሮብኛል፣ ተጸጽቷል አልኩ። ሰው መድኃኒት ሲጠይቀኝ ስሙን ሦስት ጊዜ እያስደገምኩ ነው የሰነበትኩት።»

«ያን ቀን ዝም አልሽኝ እኮ።»

«የአባዬ ከዘራ ነዋ! በሩ ላይ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«ሚሊ ሜትር ስትዛነፍ ትሰማለህ፣ ከዘራ አትሰማም?»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። ድምፅ እንዳይሰማ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤ ራሷ ዝቅ አለ። ሚሊ አየ። ዝቅ ያለውም ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጭረቷ እዚያው ድረስ ነበር። ወረቀቱ ከደረሰው ወዲህ የተሸከመው ሐዘን ሁሉ በዚያች አንዲት ቅጽበት ከላዩ ላይ ወረደ።

«ያን ቀን ምን ልትይኝ ነበር?» አላት።

«ና ልልህ ነበር።»

* * *

የበሩን ማጠፊያ ጠዋት ዘይት ያጠጣው ሚሊ ራሱ ነው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት አልሰሙም።

ዳኛው ጉንጫቸው ላይ የትራሱ እጥፋት ታትሞ ቆመው ነበር። ምን ያህል እንደቆሙ የሚያውቅ የለም። ሁለቱም ዘለው ተነሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልክ ነው ጌታዬ። የዚህ ቤት ልክ።»

ዳኛው ከልጃቸው እጅ ዘንጉን ተቀበሉ። መነጽር አላደረጉም፤ ጭረቶቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺ?»

«ጉልበትዎ ነው።»

«ይቺ?»

«እጅዎ ሲዘረጋ።»

ዘንጉን አዞሩት። አራተኛው ጎን ላይ ጣታቸው ከላይ ጀምሮ ወረደና ቀጭኗ ጭረት ላይ ቆመ። «ይቺስ?»

ሁለቱም ወለሉን አዩ።

«ጠይቄያለሁ» አሉ፣ በችሎት ድምፃቸው።

ሚሊ ወደ ጭረቷ አመለከተ። «ልጅዎ ስትስቅ… ራሷ እዚያ ድረስ ነው ዝቅ የሚለው።»

ዳኛው ጣታቸውን ከጭረቷ ላይ አላነሱም።

«እናቷ ከሞተች ወዲህ» አሉ፣ «ይህቺ ልጅ ስትስቅ አላየሁም። አሥራ አራት ወር። አንተ ሳቋን የት አገኘኸው?»

«መሳቢያ ስንመርጥ ነው ጌታዬ። ሱቅ ውስጥ እጀታው እጇ ላይ የቀረ ጊዜ ሻጩ ያላትን ስትነግረኝ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲናገሩ ወደ ልጃቸው አላዩም። «ያን ቀን ያልከውን ሰምቻለሁ። ከዘራዬንም አውቄ ነው የመታሁት። እኔ በሬን አስከበርኩ ብዬ ነበር።» እስትንፋሳቸውን ሳቡ። «አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ ልኩን ስነግር ኖርኩ። የራሴን ጉልበት ለክቶ እግሬን መሬት ያስረገጠኝ አንተ ነህ።»

ልጅቷ የአባቷን ክንድ ይዛ አለቀሰች። ሚሊ ገብቶ ጫማውን አደረገ፣ መሣሪያውን አነገተ፤ ዘንጉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

ዳኛው አልሰጡትም።

«ልክህን እዚሁ ተወው» አሉ።

ሚሊ ክው አለ። የልጅቷም እጅ የአባቷ ክንድ ላይ ደረቀ።

«መጥተህ ትወስደዋለህ» አሉ ዳኛው። «ያለ ሥራ። በፊት ለፊቱ በር።»

ከኮሪደሩ ጫፍ የአክስቷ ድምፅ «በየት በር?» ሲል ተሰማ።

«ሰምተሽኛል» አሉ ዳኛው፤ ዘንጉን እንደያዙ ወደ መኝታ ቤታቸው ተመለሱና በሩን ያለ ድምፅ ዘጉት።

ሚሊ ወደ ወርክሾፑ የተመለሰው በዚያው አውቶቡስ ነው። ረዳቱ ገና ሲያየው ሊጨቃጨቀው አፉን ከፍቶ ነበር፤ እጁ ባዶ መሆኑን ሲያይ ገረመው።

«ያ እንጨትህ ዛሬ የታለ?»

«ረሳሁት» አለ ሚሊ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንባው እየወረደ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።